ምዕራፍ ሰባት፦ የስቱዲዮ ስፒከርን ከክፍሉ ጠባይ ጋር ስለ ማስማማት
የስቱዲዮ ሞኒተር ስፒከር የተሠራው ድምፅን ለማሳመር ሳይሆን የተቀረጸውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለመመስከር ነው፤ ይሁን እንጂ ድምፁ ወደ ጆሮ የሚደርሰው ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል እየነጠረ ጭምር በመሆኑ፣ ክፍሉ የራሱን ጠባይ ሳያክልበት አይቀርም።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ከፊትና ከኋላ ግድግዳ መካከል የሚመላለሰው ሞገድ በ43 ሄርዝ ገደማ ራሱን በራሱ እየደገፈ ይበረታል። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ሄርዝ ያህል ነውና፣ ያው አንድ ድምፅ በግድግዳው ሥር ለቆመው ሲያጓራ፣ በክፍሉ እኩሌታ ለተቀመጠው እጅግ ይሳሳበታል፤ ይህም ሰው ባሱ አነሰ እያለ ሲጨምርበት ይውልና፣ ሥራው በመኪና ውስጥ በተሰማ ጊዜ የዘፋኙ ድምፅ በባስ ተውጦ ይገኛል።

ስለዚህ ማናቸውንም ቁልፍ ከመንካት አስቀድሞ የሥፍራን ነገር መወሰን ይገባል። መቀመጫው ከክፍሉ እኩሌታ ይራቅ፤ ሁለቱ ስፒከሮችና የአድማጩ ራስ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ግራና ቀኙም ከጎን ግድግዳ በእኩል ርቀት ይቁም። ከስፒከሩ ኋላ ያለው ግድግዳ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ ስፒከሩ ከዚያ 1 ሜትር ርቆ ሲቆም፣ ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ በ86 ሄርዝ አካባቢ ቀጥታ ከሚመጣው ጋር ተቃርኖ ያጠፋዋልና። ወደ ግድግዳው ሲያስጠጉት ይህ ጉድለት ወደ ላይኛው ድምፅ ይሸሻል፤ በምትኩ ባሱ ያብጣል።

በስፒከሩ ጀርባ ያሉት መቀያየሪያዎች የሚጠቅሙት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በያማሃ ኤችኤስ ስፒከሮች ላይ ያለው የክፍል መቆጣጠሪያ፣ ለምሳሌ፣ ከ500 ሄርዝ በታች ያለውን በ2 ወይም በ4 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በግድግዳ ምክንያት ያበጠውንም ባስ ወደ መጠኑ ይመልሳል። የጠፋውን ግን ማንም መቀያየሪያ አይሞላውም፤ ወደ ጉድለቱ ብዙ ኃይል ቢላክ፣ ነጥሮ የሚመለሰውም በዚያው ልክ በርትቶ መልሶ ያጠፋዋልና። ብዙ ሰው ገንዘቡንና ድካሙን በከንቱ የሚያፈሰው ይህን ባለመረዳት ስለሆነ ደጋግሜ አሳስባለሁ።

ከጎን ግድግዳ የሚነጥረውን ለማግኘት ተራ መስታወት ይበቃል፤ አንዱ በመቀመጫው ሳለ ሌላው መስታወቱን በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ያንሸራት፤ ስፒከሩ በመስታወቱ ውስጥ በታየበት ሥፍራ በእርሳስ ምልክት ተደርጎ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ በጨርቅ የተሸፈነ ፋይበር ግላስ ይሰቀል። የፊዚክስ ሊቁ ዋላስ ሳቢን እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ የመማሪያ አዳራሽ የወንበር ትራሶችን እያስገባና እያስወጣ ማስተጋባቱን በለካ ጊዜ የለሰለሰ ነገር ድምፅን እንደሚመጥ አሳይቷል፤ የባስ ሞገድ ግን ረጅም በመሆኑ ውፍረትን ይሻል። የእንቁላል ካርቶን በግድግዳ ላይ መለጠፍ ለባስ አንዳች አይረባም።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት በልዩ ልዩ ሥፍራ የሰሙትን ዘፈን በመጠነኛ ድምፅ ከፍቶ፣ መቀያየሪያውን በየተራ እያዞሩ በአርምሞ ማድመጥና ባሱ ከለመዱት መጠን ጋር በተስማማበት ላይ መተው ነው።