የጨዋታ መሣሪያ ማኅደር አመራረጥ

በዚህ ዓመት በመጽሔታችን ላይ ልጽፍ ያሰብሁት ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ኒንቴንዶ ስዊች የተባለውን የእጅ ጨዋታ መሣሪያ ከቦታ ወደ ቦታ ስንወስደው የምናኖርበት ማኅደር እንዴት ሊመረጥ እንደሚገባው ነው። በገበያ የሚጠራው «ኬዝ» ተብሎ ነው። ነገር ግን ካህናቱ ዳዊታቸውን ከተው በትከሻቸው የሚያነግቱት የቆዳ ማኅደር ሥራው ከዚህ ጋራ አንድ ስለ ሆነ፣ እኔም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ። ወላጆችም ነገሩ የጨዋታ ነው ብለው ገጹን እንዳያልፉት አስቀድሜ እለምናለሁ፤ መሣሪያው ሲሰበር የሚጠየቀው የእነርሱ ኪስ ነውና።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ የራሴ ጥፋት ነው። አክስታችን ከዋሺንግተን ሲመጡ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ አንድ ስዊች ይዘውልን መጥተው ነበር። አንድ ቅዳሜ ወደ ጓደኛዬ ቤት ልወስደው ብዬ በሹራብ ጠቀለልሁትና በቦርሳዬ ውስጥ ከሒሳብና ከባዮሎጂ መጻሕፍት በታች ከተትሁት። መሣሪያው አልወደቀም፤ ከምንም ጋራ አልተጋጨም። በታክሲው ውስጥ አንድ ሰው ቦርሳዬን ተደግፎ ከመቀመጡ በቀር የደረሰበት ነገር አልነበረም። ደርሼ ስከፍተው ግን በግራ አውራ ጣት የሚንቀሳቀሰው ዘንግ ወደ ጎን ተጣሞ፣ በጨዋታው ውስጥ ያለው ሰው ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ይሄድ ጀመር። ማታ ለወንድሜ ነገርሁት። አልተቆጣኝም። መሣሪያውን ተቀብሎ ጥቂት ሞከረውና «ወደ ግራ ብቻ የሚኬድበት ጨዋታ ይኖር ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የግራው መያዣ ተነቅሎ የሚለወጥ ቢሆንም፣ ምትኩ በሰው እጅ ከውጭ አገር እስኪመጣልን ድረስ አምስት ወር ጠበቅን። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው እንግዲህ ስለ ማኅደር መመርመር የጀመርሁት።

ከሁሉ በፊት ልክ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስዊች የሚባለው መሣሪያ አንድ ዐይነት ብቻ አይደለምና። የመጀመሪያው በየካቲት 2009 ዓ.ም. ወጣ። ጆይኮን ከተባሉት ሁለት መያዣዎቹ ጋራ ርዝመቱ 23.9 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 10.2 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 400 ግራም ያህል ነው። እኛ ቤት ያለው ይኸው ነው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የወጣው ላይት የሚባለው አነስ ያለ ሲሆን ርዝመቱ 20.8፣ ወርዱ 9.1 ሳንቲ ሜትር ነው። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የወጣው ባለ ኦሌድ ስክሪኑ ከመጀመሪያው የሚረዝመው በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ማኅደር ይገባሉ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የወጣው ስዊች 2 ግን 27.2 በ11.6 ሳንቲ ሜትር ነውና ለመጀመሪያው ተለክቶ በተሠራ ማኅደር ውስጥ አይገባም። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ያለ እንደ ሆነ ማስመሪያ አውጥቶ መለካት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ማኅደር ሲገዛ በጣቱ እያንኳኳ ከሁሉ የጠነከረውን ይመርጣል፤ እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ግን ሌላ ነገር ያሳያል። አንድ ዕቃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ መሬት የሚደርሰው በሴኮንድ 4.4 ሜትር ያህል ፍጥነት ይዞ ነው። ጉዳቱን የሚወስነው ይህ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ዕቃው እስኪቆም ድረስ ያገኘው ርቀት ጭምር ነው። የወደቀበትን ከፍታ ለመቆሚያው ርቀት ብናካፍለው፣ ያረፈበት ኃይል በአማካይ የክብደቱ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ በግምት እናገኛለን። 400 ግራም የሚመዝነው መሣሪያችን ከአንድ ሜትር ወድቆ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ የሚያርፍበት ኃይል የክብደቱ 500 እጥፍ ነው፤ ይህም የ200 ኪሎ፣ ማለት የሁለት ኩንታል ጤፍ ሸክም ያህል ነው። በ10 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ውስጥ እየሰጠመ ቢቆም ግን ኃይሉ ወደ 40 ኪሎ ይወርዳል። መሣሪያው ያው ነው፣ አወዳደቁም ያው ነው፤ ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ይህን በወረቀት ካሰላሁ በኋላ በዕንቁላል ልሞክረው ፈለግሁ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለ ነበረ የዶሮዎቻችን ዕንቁላል ተከማችቶ ነበርና እናቴ ስድስት ፈቀደችልኝ። ሰባተኛውን ያለ ፈቃድ እንደ ወሰድሁ በዚህ አጋጣሚ እናዘዛለሁ። በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ ከአንድ ሜትር በሲሚንቶ ላይ የጣልሁት ዕንቁላል ተሰበረ፤ ቆርቆሮው ግን ጫፉ እንኳ አልጎደጎደም። በወፍራም የሱፍ ካልሲ የጠቀለልሁት በደልዳላው ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ተረፈ፤ ጠጠር ባለበት ቦታ ስጥለው ግን ጠጠሩ በካልሲው አልፎ ወጋው። ቀጥሎ በቆርቆሮው ውስጥ ስፖንጅ አነጠፍሁ፤ ነገር ግን ቦታውን አስፍቼ ስለ ቆረጥሁት ዕንቁላሉ ይንገላታ ነበርና ነጥሮ ከክዳኑ ጋራ ተጋጭቶ ተሰበረ። በመጨረሻ ስፖንጁን በዕንቁላሉ ልክ ቆርጬ ከላይም ከታችም ደገፍሁት። ይህ ከአንድ ሜትርም ከሁለት ሜትርም ወድቆ በደኅና ወጣ። ሰባተኛውን ከሰገነት ስጥለው ምን እንደ ሆነ አልናገርም።

ከዚህ እንደ ተረዳሁት ጠንካራው ቅርፊትና ለስላሳው ውስጥ ሥራቸው የተለያየ ነው። ቅርፊቱ የጠጠሩን ወይም የደረጃውን ጠርዝ ግፊት በሰፊው ይበትነዋል፤ ስፖንጁ ደግሞ መቆሚያ ርቀት ይሰጣል። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው። የአገራችን አገልግል ከውጭ ቆዳ ለብሶ፣ ከውስጥ በሣር ተሰፍቶ፣ ክዳኑ ገጥሞ የሚሠራው በከንቱ አይደለም፤ በበቅሎ ጀርባ ላይ ወጡ ሳይፈስ ብዙ መንገድ ተጉዟል። ዛሬ በገበያ ያሉት የሚበዙት ማኅደሮች ኢቪኤ ከተባለ ግትር አረፋ የተሠሩ ናቸው። እርሱም በመጠኑ ስለሚለመጥ ከባዶ ፕላስቲክ ይሻላል። ዕንቁላል ከስዊች እጅግ ስለሚቀልል ለዕንቁላል የበቃ ስፖንጅ ለስዊች ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ የውስጡን ልባስ በአውራ ጣት መጫን ነው፤ ጣታችን ወዲያው ቅርፊቱን ካገኘ ስፖንጁ ስስ ወይም የላላ ነው።

የእኔ መሣሪያ ግን ሳይወድቅ እንደ ተበላሸ አንባቢ ያስታውሳል። የስዊቹ አካል ውፍረት 1.39 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ከፊት ከዘንጎቹ ጫፍ እስከ ኋላ ወጣ ያሉት ቁልፎች ድረስ ሲለካ 2.84 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ በጠፍጣፋ ነገር መካከል ስናስገባው የላዩን ሸክም አስቀድመው የሚቀበሉት እነዚያ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። ሹራቤ ከጭረት አዳነው እንጂ የመጻሕፍቱን ክብደትና የተሳፋሪውን ጀርባ በቀጥታ ወደ ዘንጉ አሳለፈው። ስለዚህ ደኅና ማኅደር ክዳኑ ከፍ ያለ ወይም በዘንጎቹ ትይዩ የተጎደጎደ መሆን አለበት። መሞከሪያው ቀላል ነው። በዘንጎቹ ጫፍ ላይ ጥቂት የጠመኔ ዱቄት መቀባት፣ መሣሪያውን አስገብቶ መዝጋት፣ ክዳኑን በመዳፍ ጫን ማድረግ፣ ከዚያም መክፈት። በክዳኑ ውስጥ ነጭ ነጥብ ከታየ ያ ማኅደር ለቦርሳ አይሆንም። ዱቄቱን ወዲያው በደረቅ ጨርቅ መጥረግ እንዳይረሳ።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርስ። የዚፑ ጥርስ መሣሪያውን እንዳይነካ ከውስጥ በኩል የጨርቅ ከንፈር ቢኖረው መልካም ነው። ቻርጀሩን ከስክሪኑ ጋራ ባንድ ክፍል ማኖር ፈጽሞ አይገባም፤ የመጀመሪያው ስዊች ስክሪን ፕላስቲክ ስለ ሆነ የሶኬቱ ሹል በቀላሉ ይጭረዋል። ለጨዋታ ካርዶቹ ጠበቅ ያለ ኪስ ይፈለግ፤ እንደ ቴምብር ትንንሽ ናቸውና ይጠፋሉ። (ሕፃናት እንዳይውጧቸው ዴናቶኒየም ቤንዞዌት የተባለ እጅግ መራራ ነገር ተቀብተዋል። ወንድሜ አላምንም ብሎ ቀምሶ እስከ እራት ድረስ ሲተፋ ዋለ።) መሣሪያው ትኩስ አየር የሚያስወጣው ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ስለ ሆነ እየሠራ ሳለ መዝጋት አይገባም፤ ፋብሪካው የወሰነለት የአየር ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጨርቁ ውኃ ባያስገባም ዚፑ ያስገባልና በክረምት በፌስታል መጠቅለል ነውር የለውም።

አዲሱ መያዣ በመጣልን ሳምንት ከወንድሜ ጋራ መሣሪያውንና አንዲት ጠመኔ ይዘን ወደ መርካቶ ወረድን። ባለሱቁ አንዱን ማኅደር እያነሣ «መኪና ቢሄድበት አይሰበርም» አለን። እርግጥ ማኅደሩ አይሰበር ይሆናል። ወንድሜ የፈለገው የሚወደው የጨዋታ ጀግና ሥዕል ያለበትን ቀይ ማኅደር ነበረ። በጠመኔው ሞከርነው፤ ስንከፍተው ሁለት ነጭ ነጥቦች በክዳኑ ላይ ቁጭ ብለዋል። እኔ ምንም አልተናገርሁም። ጥቂት ቆሞ ተመለከታቸውና ራሱ በእጁ ጠርጎ መለሰው፤ ሥዕል የሌለውን ጥቁሩን ገዛን።