«ማን አለ?»፦ ድሪምካቸር እና ከፎቶው ሥር የምንጽፈው ነገር

የቤት ማስዋቢያ ገጾችን ለሚያገላብጥ ሰው ድሪምካቸር አዲስ ነገር አይደለም። ክብ ቀለበት ነው፤ በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተወጠረ ክር፣ እዚህም እዚያም ጨሌ፣ ከታች ደግሞ የተንጠለጠሉ ላባዎች አሉት። አልጋ ራስጌ ወይም መስኮት አጠገብ ይሰቀላል። ከፎቶግራፉ ሥር የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በጥንት ቀይ ሕንዶች እምነት መጥፎ ህልም በመረቡ ይያዛል፣ ጥሩው ግን አልፎ ወደተኛው ሰው ይመጣል ይላል።

ዓረፍተ ነገሩ ያምራል። ግን እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ስንነዘነዝበት የኖርነውን ጥያቄ ብናቀርብለት መልስ የለውም። ማን አለ? የት? መቼ? «በጥንት እምነት» የሚለው ሐረግ ምንጭ የተጠቀሰ ያስመስላል እንጂ ምንጭ አይደለም።

ከ«ማን» እንጀምር። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት እውቅና ያላቸው የነባር ሕዝብ ጎሳዎች ቁጥራቸው ከ570 በላይ ነው። ቋንቋቸው፣ አኗኗራቸው፣ ተረታቸው ይለያያል። «ሕንዶች እንዲህ ያምናሉ» ማለት «አፍሪካውያን እንዲህ ያምናሉ» ብሎ እንደመጻፍ ነው። እኛ ደግሞ እንዲህ ሲባልብን ምን እንደሚሰማን እናውቀዋለን! ድሪምካቸር በተለይ የሚያያዘው ኦጂብዌ ከሚባለው ሕዝብ ጋር ነው፤ ቺፔዋ በሚልም ስም ይታወቃል። አገሩ በላይኛው ሐይቅ፣ ማለትም በሌክ ሱፒሪየር ዙሪያ ሲሆን፣ ዛሬም በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ በዊስኮንሲንና በሚሺጋን፣ በካናዳ ደግሞ በኦንታሪዮና በሌሎች ግዛቶች ይኖራል። ታዲያ «የጥንት» የሚለው ቃል ሕዝቡን ራሱን የጠፋ ያስመስለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ፍራንሲስ ዴንስሞር የምትባል የሚኒሶታ ተወላጅ ነበረች፤ የነባር ሕዝቦችን ዘፈን በሰም ሲሊንደር ላይ እየቀዳች በየመንደሩ የዞረች ተመራማሪ ናት። በስሚዝሶኒያን ተቋም ሥር የታተመው የቺፔዋ ልማዶች የተሰኘው መጽሐፏ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ስለዚህ ጌጥ በጽሑፍ ከሚጠቀሱት ቀደምት ምንጮች አንዱ ይኸው ነው። እና ምን ይላል? በመጀመሪያ ነገር፣ የአዋቂ አልጋ የለበትም። ዕቃው የሚንጠለጠለው በሕፃን ማዘያ ላይ ነው። የእነሱ ማዘያ እንደ እኛ አንቀልባ ቆዳ ሳይሆን ጠፍጣፋ ጣውላ ነው፤ በራስጌው በኩል የሕፃኑን ፊት የሚከልል ቆልማማ እንጨት አለው። ሁለት የሸረሪት ድር መሳይ ቀለበቶች እዚያ እንጨት ላይ ይሰቀላሉ። ስፋታቸው ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በመዳፍ ውስጥ ይገባሉ። ክሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ የተነከረ ሲሆን፣ በድሮው ጊዜ ከሳማ ቃጫ ይሠራ ነበር። (አዎ፣ ያው የሚለበልበው ሳማ።)

ጥቅሙስ? ዴንስሞር የተነገራት፣ የሸረሪት ድር የነካውን ሁሉ እንደሚይዝ ሁሉ ይህም በአየር ላይ ያለውን ክፉ ነገር ከሕፃኑ ይይዝለታል የሚል ነው። ዕቃውን በገለጸችባቸው መስመሮች ላይ ስለ ህልም አልተነሳም። ጥሩ ህልም፣ መጥፎ ህልም የሚባል የለም።

እዚህ ላይ መቸኮል ደግ አይደለም። «ያዝኳችሁ፣ የህልሙ ነገር ውሸት ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሌላ ስህተት ይሠራል። አንዲት ተመራማሪ አልጻፈችውም ማለት ሕዝቡ አልተረከውም ማለት አይደለም። አሲቢካሺ ስለምትባል፣ ሕፃናትን ስለምትጠብቅ የሸረሪት ሴት ኦጂብዌዎች ዛሬም ይተርካሉ፤ የህልሙም ነገር እዚያው ውስጥ ይነሳል። ችግሩ ሌላ ነው። ከኦጂብዌ በስተምዕራብ ባለው በላኮታ ሕዝብ ስም በሰፊው የሚነገረው ተረት ነገሩን ይገለብጠዋል። እዚያ ድሩ የሚይዘው መልካሙን ነው፤ ክፉው በመሀል ባለው ቀዳዳ ሾልኮ ይሄዳል። እንግዲህ «በሕንዶች እምነት መጥፎው ይያዛል» ያለ ጸሐፊ የትኛውን ሕዝብ ይዞ ነው?

ጌጡ ከኦጂብዌ ወጥቶ ወደ ሌሎቹ የተዛመተው በተለይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ፣ የተለያዩ ጎሳዎች በጋራ መብታቸውን መጠየቅ በጀመሩበት ወቅት ነው። አንዳንዶች የአንድነት ምልክት አድርገው ወሰዱት። ከዚያ ገበያው ተቀበለው፤ ፋብሪካም ያመርተው ጀመር፤ መኪና መስተዋት ላይ ሳይቀር ተሰቀለ። ከነባር ሕዝቦቹ መካከል ይህ ከልክ በላይ መነገጃ ሆነ ብለው የሚያዝኑ አሉ።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ላይ የሚለው ለእኛ ሙያ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሕንዶች የእደ ጥበብ ሕግ ማንም ሰው ድሪምካቸር እንዳይሠራ አይከለክልም። የሚከለክለው የነባር ሕዝብ ያልሠራውን ዕቃ እነሱ እንደሠሩት አስመስሎ መሸጥን ነው። አንድ ግለሰብ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም ሊወሰንበት ይችላል። ማለትም ወንጀሉ ቀለበቱ ላይ ሳይሆን ከጎኑ የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ነው። ላባውም የራሱ ጣጣ አለው። የንሥር ላባ መሸጥ እዚያ አገር ክልክል ስለሆነ፣ ሱቅ የሚገኘው ላባ በአብዛኛው ቀለም የተነከረ የዶሮና የመሳሰሉት ነው። ስለዚህ «በንሥር ላባ ያጌጠ» ብሎ ዝም ብሎ የሚጽፍ ሰው ነጋዴውን ሳያስበው እየከሰሰው ነው።

ይህን ሁሉ ከፎቶ ሥር ማስገባት አይቻልም፤ ቦታው ሁለት መስመር ነው። ግን ሁለት መስመርም ይበቃል፦ «ድሪምካቸር። መነሻው በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው የኦጂብዌ ሕዝብ ሲሆን፣ ቀድሞ ክፉ ነገር እንዳይነካው ከሕፃን ማዘያ ላይ ይሰቀል ነበር። በፎቶው የሚታየው በፋብሪካ የተሠራ ነው።» መኝታ ቤቱ በዚህ ምክንያት ውበቱ አይቀንስም።

ስሙን በአማርኛ እንዴት እንበለው የሚለው ይቀራል። «ህልም አጥማጅ» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልወደድኩትም፤ አጥማጅ ሲባል ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ነው የሚታየኝ። ኦጂብዌዎች ከሚጠሩባቸው ስሞች አንዱ ጥንቸል የሚያዝበትን የገመድ ወጥመድ ከህልም ጋር ያጣመረ ነው። ለዚህ ደግሞ አማርኛ የታወቀ ቃል አለው፦ አሽክላ። «የህልም አሽክላ» ብንል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ወደ ባለቤቶቹ ቋንቋ እንቀርባለን። አዘጋጁ «አሽክላ» የሚል ርዕስ የመኝታ ቤት ገጽ ላይ አላወጣም ካለ፣ እንደዚህ ጽሑፍ ድሪምካቸር ብሎ መተው ነው።