የዝክሩ መዝገብና የተቀደደው ገጽ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ ልናወጋችሁ የፈለግነው ስለ አንድ አሮጌ መዝገብ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ በዓመት አንድ ቀን ዘመድ አዝማድ የሚሰበሰብበት የቤተሰብ ዝክር እንዳላችሁ እናውቃለን። የእኛ ቤተሰብ ዝክር ኅዳር 12 ቀን በቅዱስ ሚካኤል ስም ነው። ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ በተራ ሲወርድ ሲዋረድ ከእኛ ደርሷል። ጠላው ይጠመቃል፤ ድፎው ይደፋል፤ ካህኑ ጸሎት ካደረሱ በኋላ ጠበል ጻድቁ ይቀመሳል። ከዚያም ተረኛው መዝገቡን ከሣጥን አውጥቶ በዓመቱ ውስጥ የተወለደውን፣ ያገባውንና ያረፈውን ይጽፋል። መዝገቡን የጀመሩት ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ በኋላ ፊደል የቆጠሩ አንድ ዘመዳችን ናቸው።

እውነቱን ለመናገር እኛ ወጣቶቹ ለዚህ መዝገብ ደንታ አልነበረንም። መዝገቡ ሲነበብ ውጭ ወጥተን እንጫወት ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን ከመካከላችን አንዲት እኅታችን ለጋብቻ ተጠየቀች። ልጁ በቤተ ክርስቲያን ያደገ ምስጉን ልጅ ነው፤ ከተዋወቁም ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ሰባት ቤት ሊቆጥሩ ተቀመጡ። የአባቶቹ ቆጠራ እንደ ዳዊት መዝሙር ወረደላቸው። ወደ እናቶቹ ሲዞሩ ግን በአራተኛው ቤት ላይ ቆሙ። የቅድመ አያታችን አባት ስማቸው አለ፤ የእናታቸው ስም ግን የለም። መዝገቡ ይምጣ ተባለ፤ መጣ። ገጹ ከሥሩ ተቀድዷል።

የአያታችን እኅት የሆኑት እማሆይ በሕይወት ባይኖሩ ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ ይቀር ነበር። ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ የእኔ አያት ናቸው። የጻፈው እጅ አልቀደደውም፤ ያፈረው እጅ ነው የቀደደው» አሉን። እኒህ እናት የእኛን አባት ከማግባታቸው በፊት በሌላ አገር ትዳር ነበራቸው፤ ወንድ ልጅም ወልደዋል። እኅታችንን የጠየቀው ወጣት የዚያ ልጅ ዘር ሆኖ ተገኘ። ለእርሷ አራተኛ ቤት፣ ለእርሱ አምስተኛ ቤት ናቸው። ጋብቻው ቀረ። ሁለቱም እንዴት እንዳዘኑ እኛ አይተናል። ያ ገጽ በቦታው ቢኖር ነገሩ ገና በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ ነበር።

ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ በአደባባይ ተነገረ እንጂ በየሣጥኑ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። በሸክላዋ ወጥ እየበሉ ሠሪዋን ከመዝገብ መቅደድ ምን ይባላል?

ከዚህ በኋላ ነው መጽሐፍ ቅዱስን ስለ ትውልድ መዝገብ ብለን ያነበብነው። ቀድሞ ይህን ክፍል «እገሌ እገሌን ወለደ» እያልን እንዘለው ነበር። በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 2 ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሱት ካህናት መካከል አንዳንዶቹ የትውልዳቸውን መዝገብ ፈልገው ስላጡ ከክህነት ተለይተዋል። ከእነርሱ አንደኛው ወገን የቤርዜሊ ልጆች ናቸው። አባታቸው ከገለዓዳዊው ከቤርዜሊ ልጆች ሚስት አግብቶ በሚስቱ ወገን ስም ተጠርቶ ነበር። ስሙ መለወጡ ብቻውን ባልጎዳ፤ ግን መዝገቡም አልተገኘም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ደግሞ ወንጌላዊው የጌታን ትውልድ አሥራ አራት አሥራ አራት እያደረገ በሦስት ክፍል ቆጥሮታል። ለዚህ አቆጣጠር በኢዮራምና በዖዝያን መካከል የነበሩትን ሦስት ነገሥታት፣ አካዝያስን፣ ኢዮአስንና አሜስያስን፣ አልፏቸዋል። ነገሥታቱን ሲያልፍ ግን ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት አላለፈም። ረዓብ በኢያሪኮ ምን እንደነበረች፣ ሩትም ከሞዓብ እንደመጣች ሁላችንም ተምረናል። በእኛ ቤተሰብ እጅ ቢሆን ኖሮ እነዚህ አራት ስሞች ይቀደዱ እንደነበር አንጠራጠርም።

አባቶቻችን ትውልድ የሚቆጥሩት ለጋብቻ ብቻ አልነበረም። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ በ1967 ዓ.ም. እስከ ታወጀ ድረስ፣ በርስት አገር መሬት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በመቁጠር ነበር። በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል፤ ስለዚህ የሴት አያቶችን ስም ያላወቀ ሰው ርስቱን ያጣል። ከዚያ ወዲህ ያ ጥቅም ቀረና ልጆች መቁጠሩን ተዉት። ስማችንም ቢሆን የእኛን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ይናገራል እንጂ እናትን አያነሣም። እስኪ ሒሳቡን እንሥራው፤ ከወላጆች ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ቤት ድረስ አንድ ሰው 254 የወላጅ ቦታ አለው፤ በሰባተኛው ቤት ብቻ 128 ነው። ከእኛ ማንኛችንም ሃያ ስም እንኳ አልሞላንም።

እንግዲህ ሥራ ጀመርን። በየሰዉ የዓለም ስሙን ብቻ ሳይሆን የክርስትና ስሙን፣ እንዲሁም የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን እንጽፋለን፤ የክርስትና ዝምድናም ጋብቻን ይከለክላልና። በአሜሪካና በዓረብ አገር ያሉ ዘመዶቻችን የልጆቻቸውን ልደት የሚልኩልን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እናመለክታለን።

ያስቸገረን የሽማግሌዎቹ ዕድሜ ነው። እማሆይ የተወለዱበትን ዓመት አያውቁም፤ «በማርቆስ ዘመን፣ ጣሊያን አገር ውስጥ እያለ ነው» አሉን። ለካ ይህ በቂ ነው! በባሕረ ሐሳብ እንደተማርነው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለአራት እናካፍላለን፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረበት ጊዜ ውስጥ ማርቆስ የሚሆነው 1930 ዓ.ም. ብቻ ነው። ይህን ስንነግራቸው፣ «እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ!» ብለው ሳቁ።

ስለ መዝገቡ አያያዝም ጥቂት እንበል። የእኛ መዝገብ ከምድጃው አጠገብ በነበረ ሣጥን ውስጥ ስለኖረ ጢስ አጥቁሮታል፤ ጠርዙንም አይጥ በልታዋለች። የገዳም መጻሕፍት ግን በቆዳ ማኅደር ገብተው ከግድግዳ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ አይጥም እርጥበትም አይደርስባቸው። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይለጠፍም፤ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ጽሕፈቱን ያበላሻል። እኛ መዝገቡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለን ጢስ ከማይደርስበት ቦታ አስቀመጥነው፤ በቀን ብርሃን ገጹን ሁሉ በስልክ ፎቶግራፍ አነሣን፤ በእጅም ገልብጠን ሦስት ቅጂ በሦስት ቤት አኖርን። ስልክ ይጠፋል፤ ይሰበራል፤ በእርሱ ብቻ መታመን አይገባም። የአገራችን የብራና መጻሕፍትም በ1960ዎቹ አጋማሽ በማይክሮፊልም መነሣት ሲጀምሩ ፊልሙ እዚህም በአሜሪካ ሚኒሶታም እንዲቀመጥ የተደረገው ለዚሁ ነው።

በዘንድሮው ዝክር ላይ የሸክላ ሠሪዋን እናት ስም በአዲሱ መዝገብ ልንጽፍ ስንል አንድ አጎታችን ተቆጡ። «የሞተ ነገር ለምን ይቀሰቀሳል? ልጆቻችሁን ልታሰድቡ ነው?» አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ በዚህ የተሰደበ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ እማሆይ፣ «የእናቴ እናት ናቸው፤ እኔ ሳልሞት ጻፉ» አሉና ነገሩ አለቀ። ስማቸውን፣ የክርስትና ስማቸውን፣ የሁለቱንም ባሎቻቸውን ስም፣ ሸክላ ሠሪ መሆናቸውንም ጻፍን።

በዚያው ቀን የልጁ ቤተሰቦች ተጠርተው ስለነበር ድፎ ይዘው መጡ። ዘመድ ናቸውና የአሥራ አራቱንም ስም በመዝገቡ አስገባን። ልጁ ግን አልመጣም፤ ስሙን ያስመዘገቡት እናቱ ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።