ቡችላው እግሩን እስኪሰጥ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከቤተሰቡ አንዱ የቡችላውን አንገት ይዟል፣ ሌላው የኋላ እግሮቹን ጨብጧል፣ ሦስተኛው መቁረጫውን ይዞ ላብ በላብ ሆኗል። ቡችላው ይጮኻል፣ ይታገላል፣ ይናከሳል። ሁለት ጥፍር እንደተቆረጠ ሁሉም ይደክማቸውና ሥራው ይቋረጣል። በወሩ መቁረጫው ገና ከመሳቢያ ሲወጣ ቡችላው አልጋ ሥር ገብቷል። ቤተሰቡም “ይሄ ውሻ ክፉ ነው” ይላል። ቡችላው ግን ክፉ አይደለም፤ የሚያደርገው የተማረውን ነው። ያስተማሩትም እነሱው ናቸው።

ውሎው ደጅ የሆነ ውሻ ጥፍሩን የሚሞርድለት መሬቱ ነው። ኮብልስቶንና አስፋልት ላይ የሚሮጥ ከሆነ መቁረጫ ብዙም አያስፈልገው ይሆናል። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ሴራሚክ ወለል ላይ የሚያድግ ቡችላ ግን ጥፍሩ የሚያልቅበት ነገር የለም። ሲራመድ ወለሉ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ጥፍሩ ረዝሟል ማለት ነው። የረዘመ ጥፍር ጣቶቹን እየገፋ አረማመዱን ያበላሻል፤ ምንጣፍ ውስጥ ተሰክቶም ይገነጠላል። በተለይ የሚረሳው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ በፊት እግሩ የውስጥ ጎን ያለው አውራ ጣት ነው። መሬት ስለማይነካ አይሞረድም፤ ካልተቆረጠ ዞሮ ሥጋው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

የቡችላው ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የጥፍሩ የውጭ ሽፋን ስሜት የለውም፤ በመሐሉ ግን ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሕያው ሥጋ አለ። በአማርኛ የማይለያዩ ወዳጆች “ጥፍርና ሥጋ” ይባላሉ፤ በውሻ ላይ አባባሉ ቃል በቃል እውነት ነው። መቁረጫው እዚያ ከደረሰ ያማል፣ ይደማል፤ ቡችላውም ያን ቀን አይረሳም።

ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቡችላ ሰውንና አካባቢውን በቀላሉ የሚለምድበት ጊዜ በግምት ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት እንደሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ ጥፍር መቆረጥን የማስለመዱ ሥራ ቡችላው ቤት በገባበት ሳምንት ቢጀመር ይመረጣል። ያ ጊዜ ያለፈበትም ይለምዳል፤ የሚለየው የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ዘዴው የሚያስፈራውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ ከሚወደድ ነገር ጋር ማጣመር ነው፤ የተፈተነውም በውሻ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሜሪ ከቨር ጆንስ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበና ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን ገጥሟቸው ነበር። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎም ቀስ በቀስ እያስጠጉ አመጡለት። በመጨረሻ ፒተር ያንኑ ጥንቸል መዳሰስ ቻለ። በዋሽንግተኑ ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ ደግሞ ግዙፍ ፓንዳዎች ለደም ምርመራ ክንዳቸውን በራሳቸው ፈቃድ ወደ ብረት ቱቦ እንዲያስገቡ ተለማምደዋል። ያን የሚያህል አውሬ ክንዱን ለመርፌ ከሰጠ፣ አብዛኛው ቡችላም እግሩን ለመቁረጫ መስጠት ይለምዳል።

ለሥራው ስል የሆነ የውሻ ጥፍር መቁረጫ ያስፈልጋል፤ የደነዘዘው ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቃል። ጥቂት ያልተቀቀለ ፓስታ፣ ደም ለማቆም የበቆሎ ስታርች፣ እንዲሁም የሽምብራ ፍሬ እያከለ የተከተፈ የተቀቀለ ሥጋ ይዘጋጃል። ሥጋው ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት ያልነካው መሆን አለበት። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ስለሚጎዳ የወጥ ትራፊ ለዚህ አይሆንም፤ ቸኮሌትና ዘቢብም መርዝ ናቸው። ጥሩው ሰዓት ቡችላው ተጫውቶ ከደከመ በኋላ፣ ምግቡን ሳይበላ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቁረጫው ከመሳቢያው አይወጣም። ባለቤቱ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ቡችላውን ትከሻው ላይ ይነካዋል፣ ወዲያው ያጎርሰዋል። እጁ ከትከሻ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ መዳፍ የሚወርደው ቡችላው ተረጋግቶ ሲጠብቅ ብቻ ነው። ቀጥሎ መዳፉን ለአንድ ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ ለሦስት፣ ከዚያ አንድ ጣት በቀስታ መጫን ይመጣል። ለአንዱ ቡችላ ይህ የሦስት ቀን ሥራ ነው፤ ለሌላው ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

ብዙ ሰው የሚስተው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ሥጋውን ያሳያል፣ ቡችላው ሲጠጋ እግሩን ይይዛል። ጥቂት ቀን እንዲህ ከቀጠለ ቡችላው ሥጋው የወጥመድ ምልክት መሆኑን ይረዳል፤ ጉርሻውንም መጠራጠር ይጀምራል። ትክክለኛው ተገላቢጦሹ ነው፦ መጀመሪያ ንክኪ፣ ከዚያ ጉርሻ። ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ምልክት ከምግብ ቀድሞ ሲደጋገም ውሻው ምልክቱን ገና ሲያገኝ ምራቁ ይሞላል። እዚህ ምልክቱ የባለቤቱ እጅ ነው። እጁ ሲነሳ ጉርሻውም ይቆማል። ነገሩ ከገባው ቡችላ እግሩን ራሱ ማቀበል ሲጀምር ማየት ለማንም የውሻ ወዳጅ ትልቅ ደስታ ነው።

መቁረጫው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ ቡችላው ሲያሸተው ይጎርሳል። ቀጥሎ ጥፍሩን ሳይቆርጥ ይነካዋል፣ ጉርሻ ይከተላል። ድምፁን ለማስለመድ ፓስታው ይጠቅማል፦ አንድ ዘንግ በመዳፉ አጠገብ ተይዞ በመቁረጫው ቀጭ ሲደረግ ከጥፍር መቆረጥ ጋር የሚመሳሰል ድምፅ ያወጣል። ቀጭ፣ ጉርሻ፤ ቀጭ፣ ጉርሻ።

በዚህ ሁሉ መሐል ቡችላው ዝም አይልም፤ የሚናገረው በአካሉ ነው። እንቅልፍ ሳይመጣበት ማዛጋት፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን መላስ፣ ፊቱን ማዞር፣ ጆሮውን ወደ ኋላ መለጠፍ፣ የዓይኑ ነጭ በጎን መታየት፣ ጅራቱን በእግሮቹ መሐል መወሸቅ፤ እነዚህ ሁሉ “በቃኝ” የሚሉ ምልክቶች ናቸው። በተለይ ድርቅ ብሎ መቆም ሰውን ያታልላል። ባለቤቱ “ተረጋግቷል” ይላል፤ ቡችላው ግን ከፍርሃት ብዛት ደንዝዟል። ምልክቱ ሲታይ እጅ ይለቅቃል፣ በሚቀጥለው ጊዜም አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይጀመራል። ያልተሰማ ቡችላ ቀጣዩ ቋንቋው ጥርስ ነው። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ቆዳ ከቧጨረ ወይም ከነከሰ፣ በኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስላለ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ማጠብና ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ የግድ ነው።

የመጀመሪያው ቁርጥ ከአንድ ጥፍር አያልፍም። የሚቆረጠውም ቆልመም ያለው ስል ጫፍ፣ አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ነጭ ጥፍር ከሆነ ሕያው ሥጋው ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ከእሱ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ራቅ ብሎ መቁረጥ ይበጃል። ጥቁር ጥፍር ውስጡን አያሳይም፤ ስለዚህ በስሱ እየላጡ የተቆረጠውን ገጽ ማየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚታየው ደረቅና ነጣ ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ርጥብ ነጥብ ሲመጣ እዚያው ይቆማል። ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት ከተቆረጠ ሕያው ሥጋው ራሱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ የረዘመ ጥፍር በአንድ ቀን ካላጠረ ብሎ መታገል አያስፈልግም።

ከደማ ባለቤቱ አይጮኽም፤ የሱ ድንጋጤ ወደ ቡችላው ይጋባል። ስታርቹ ጥፍሩ ጫፍ ላይ ተጭኖ ጥቂት ደቂቃ ይያዛል። ደሙ አልቆም ካለ የእንስሳት ሐኪም ማየት አለበት። በማግስቱ መቁረጫው ዳግም መሳቢያ ውስጥ ይውላል፤ ልምምዱ ከትከሻው ንክኪ ይጀመራል።

መቁረጫውን ፈጽሞ የማይቀበል ቡችላም አለ። ለሱ ሰሌዳ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ተለጥፎ በፊት እግሩ እንዲጭር ቢለማመድ፣ ጥፍሩን ራሱ ይሞርዳል። አውራ ጣቱ ግን እዚያ አይደርስም፤ እሱን በእጅ ሞረድ ማለዘብ ይቻላል።

በአብዛኛው ውሻ ላይ የሚቆጠሩት ጥፍሮች 18 ናቸው፤ በየፊት እግሩ አምስት፣ በየኋላው አራት። በቀን አንድ ጥፍር ብቻ የሚቆርጥ ቤተሰብ ሁሉንም ለመጨረስ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላበትም። በ19ኛው ቀን የመጀመሪያው ጥፍር እንደገና ተራው ይደርሳል።