ዝምታው የማን ነው? የብርሃን ፍጥነትና የአእምሮ ሐኪሞች የኢንተርኔት ትምህርት

የአእምሮ ሐኪም ታካሚውን ሲመረምር የሚያዳምጠው ቃላቱን ብቻ አይደለም፤ ከጥያቄው እስከ መልሱ ያለውን ዝምታም ይመዝናል። በከባድ ድባቴ የተያዘ ሰው መልስ ለመስጠት ሊዘገይ ስለሚችል፣ የዝምታው ርዝመት ራሱ እንደ ሕመም ምልክት ይታያል። ታዲያ ምርመራውን በኢንተርኔት ስናስተምር የምንሰማው ዝምታ የታካሚው ነው ወይስ የመስመሩ? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከፊዚክስ አንጻር ለመመልከት እንሞክራለን።

እንደሚታወቀው በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያን ጊዜ 70 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ያስተምሩ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ 19 ወደ አገራችን ሲገባ ግን በቦሌ በኩል የሚደረገው ጉዞ ታወከ፤ በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልም የወረርሽኙ ሕክምና ማዕከል ሆነ። ከዚያ ወዲህ የኢንተርኔት ትምህርት በእጅጉ ተስፋፍቷል። ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ከሙያ ፈቃድ እድሳት ጋር በተያያዘበት በዚህ ዘመን፣ ታካሚዎቹን ትቶ መሄድ ለማይችል ሐኪም ጥቅሙ ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ከቶሮንቶ እስከ አዲስ አበባ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ቢያንስ 55፣ ደርሶ መልስ 110 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጅበታል። መስመሩ በጂቡቲ በኩል ወደ ባሕር ሥር ኬብሎች ስለሚዞር እውነተኛው መዘግየት ከዚህ ይበልጣል። ከምድር ወገብ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ ሳተላይት ከሆነ ደግሞ ደርሶ መልሱ ግማሽ ሴኮንድ ይጠጋል። ይህን መዘግየት በገንዘብ ማስቀረት አይቻልም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነውና። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለመልካም ንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሴኮንድ እንዳይበልጥ ይመክራል።

ይሁን እንጂ መዘግየት ሁልጊዜ ዝምታን አያዛባም። በኮተቤ ያለ ሐኪም ከታካሚው ፊት ተቀምጦ ቢጠይቅና በቶሮንቶ ያለው መምህር ቢያዳምጥ፣ ጥያቄውም መልሱም እኩል ይዘገያሉ። መስመሩ እስካልተቆራረጠ ድረስ በመካከላቸው ያለው ዝምታ አይለወጥም። መምህሩ ራሱ ከቶሮንቶ ሆኖ ከጠየቀ ግን የደርሶ መልሱ ጊዜ በሙሉ በታካሚው ዝምታ ላይ ይደመራል። እንግዲህ ጠያቂው ከታካሚው ጋር ይቀመጥ፤ መምህሩ ያዳምጥ፣ በኋላም ያርም።

አንባቢያንም መዘግየቱን መለካት ይችላሉ። ከጓደኛዎ ጋር በአካል ተገናኝታችሁ ከ1 እስከ 20 እየተቀባበላችሁ ቁጠሩ፤ የፈጀውን ጊዜ መዝግቡ። ከዚያም ያንኑ በኢንተርኔት ድገሙ። ቆጠራውን የጀመረው ሰው የለካውን የሁለቱን ጊዜ ልዩነት ለ10 ያካፍል፤ ውጤቱ የደርሶ መልሱ መዘግየት ነው። ሐኪሙም ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ይህን ቢያደርግ፣ የመስመሩን ዝምታ በታካሚው መዝገብ ላይ ከመጻፍ ይድናል።