የአየር ጠመንጃዬን በቤንዚን ባጥበው ምን ችግር አለው?

ጥያቄ፦ በሀዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ፣ በእሑድና በበዓል ቀን ኢላማ እያስተኮስኩ ቤተሰቤን የማስተዳድር ሰው ነኝ። በመሃል የሚታጠፉ ሁለት የአየር ጠመንጃዎች አሉኝ። ከፍቼ ጫምባላላ ወዲህ አንደኛው ይስታል፤ ደንበኞቼም «አጣመህብን» እያሉ ይጨቃጨቁኛል። አንድ ወዳጄ «በርሜሉን በቤንዚን እጠበው፣ ከዚያ በዘይት አርሰው» አለኝ። እንዳለኝ አድርጌ ስተኩስ እንደ እውነተኛ ጠመንጃ ጮኸ፤ ከአፈሙዙም ጭስ ወጣ። የማጸዳበት ጨርቅ ሁልጊዜ ጠቁሮ ነው የሚወጣው። የማጸዳው ማታ፣ ቤት ውስጥ ነው። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ባለቤቴም ነፍሰ ጡር ናት። እርሳስ ይመርዛል ሲባል ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ጠመንጃው ይፈነዳብኝ ይሆን? ልጄንስ ጎድቻት ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእንጀራዎ መሣሪያ ሲበላሽና የልጅዎ ጤና ሲያሳስብዎ እንቅልፍ ማጣትዎ አይገርምም። ሁለቱም ጥያቄዎችዎ ተገቢ ናቸው፤ ለሁለቱም መፍትሔ አለ። ከመልሳችን ቀድመው ግን ሁለት ነገሮችን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ፤ ቤንዚኑንና ጠመንጃ ቤት ውስጥ ማጽዳትን።

በድምፁ እንጀምር። የእርስዎ ዓይነት ጠመንጃ ባሩድ የለውም። ሲያቀባብሉት ውስጡ ያለው ሞላ ይታመቃል፤ ምላጩን ሲስቡ ሞላው ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም አየሩን ጨምቆ ጥይቱን ያስወጣል። አየር በቅጽበት ሲጨመቅ በጣም ይግላል። የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚነሳው በዚሁ ምክንያት ነው። በጠመንጃዎ ውስጥ የቀረው ቤንዚንና ዘይት በዚያ ሙቀት ተቀጣጠለ፤ የሰሙት ጩኸትና ያዩት ጭስ ከዚያ የመጣ ነው። አንድ ጊዜ መሆኑ ጠመንጃውን ገደለው ማለት አይደለም። ከተደጋገመ ግን የፒስተኑ ጎሚኒ ይቃጠላል፣ ሞላው ይሰበራል፤ ተቀጣጣዩ ከበዛም ተኳሹ ላይ አደጋ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝም ሆነ የሞተር ዘይት በበርሜሉና በአየር ማስተላለፊያዋ ቀዳዳ አይግባ።

እውነቱን ለመናገር፣ የአየር ጠመንጃ በርሜል ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በጽዳት እጦት ሳይሆን ከልክ በላይ በማጽዳት ነው። የባሩድ ጠመንጃ ቶሎ ቶሎ የሚወለወለው የባሩዱ ቃጠሎ ስለሚያቆሽሸው ነው። በእርስዎ መሣሪያ ውስጥ የሚቀረው ጥይቱ ሲያልፍ የሚተወው ስስ የእርሳስ ቅባትና ጥቂት አቧራ ብቻ ነው። በየሳምንቱ መወልወል አያስፈልገውም፤ በትክክል መምታት ሲያቆም ይበቃዋል። ለነገሩ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ መታገሉም ከንቱ ድካም ነው።

ስለዚህ በርሜሉን ከመክሰስዎ በፊት ሌላውን ይፈትሹ። ከኢላማው ሥር የለቀሙትን ጥይት መልሰው ያስተኩሳሉ? የተደፈጠጠ ጥይት በየትኛውም ጠመንጃ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በርሜሉ የሚታጠፍበት ብሎን፣ የሰደፉ ብሎኖችና ማነጣጠሪያው አልላሉም? በበዓል ሰሞን በመቶ የሚቆጠር ሰው ሲያጥፍና ሲዘረጋው የዋለ መሣሪያ ብሎኑ ቢላላ አያስደንቅም። የብረት ድብልብል ጥይት ወይም ላባ ያለው መርፌም ተኩሰውበት ከሆነ፣ ጥይቱን እያሽከረከሩ የሚያወጡት የበርሜሉ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦዮች ተፍቀው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ደግሞ ጽዳት አይመልሰውም።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ በርሜሉን ያጽዱ። የሚያስፈልግዎ ዕቃ አሞራ ገደል ካሉት ዓሣ አጥማጆች እጅ አይጠፋም፤ ወፈር ያለ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር። ጠመንጃው አለመቀባበሉንና ጥይት አለመጉረሱን ያረጋግጡ። ተቀባብሎ ካገኙት በባዶ አይልቀቁት፤ ትራስ የሚሆነው ጥይት ከሌለ ፒስተኑ ከፊቱ ካለው ብረት ጋር ይጋጫል። ጥይት አጉርሰው ወደ ኢላማ ሳጥኑ ይተኩሱት። ከዚያ በርሜሉን ሳያቀባብሉ፣ ክሩ እስኪገባ ብቻ ያጥፉት፤ ሥራው እስኪያልቅም አንድ ሰው በርሜሉን አጥብቆ ይያዝልዎት። ተቀባብሎ በታጠፈበት ሞላው ቢያመልጥ በርሜሉ ተመልሶ ሲዘጋ ጣት ይቆርጣል።

ክሩን ጥይት ከሚጎርስበት በኩል አስገብተው በአፈሙዙ ያውጡ። ጫፉ ላይ ትንሽ የጥጥ ጨርቅ አስረው፣ አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ነክተው፣ ቀጥ አድርገው በዝግታ ይሳቡ። ቀጥሎ ደረቅ ጨርቅ ይሳቡ፤ ዘይት እንዳይቀር ይህን ይደጋግሙት። ክሩ የአፈሙዙን ጠርዝ እንዳይፈትግ ይጠንቀቁ፤ ጥይቱ በመጨረሻ የሚሰናበተው ያቺን ጠርዝ ነውና እሷ ከተበላች ጠመንጃው ለዘለቄታው ይስታል። የብረት ብሩሽና ሽቦ አያስገቡ። ካጸዱ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጥይቶች ቢስቱ አይደንግጡ፤ በርሜሉ እንደገና እስኪለምድ ነው። በክረምት ደግሞ የሐይቁ እርጥበት ብረቱን እንዳያዝገው ውጪውን ስስ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርገው፣ ደረቅና የሚቆለፍ ቦታ ያኑሩት።

ጥይት በርሜሉ ውስጥ ከተቀረቀረ በሌላ ጥይት ለማስወጣት አይሞክሩ፤ በአፈሙዝ በኩልም አይመልከቱ። ምላጩ ሳይነካ የሚለቅ፣ በርሜሉ ተዘርግቶ የማይቆልፍ ወይም ሲቀባበል የሚንቋቋ ከሆነ ከሥራ ያውጡትና ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ሞላውን ቤት ውስጥ ለመፍታት ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ጠመንጃው ሳይቀባበልም ቢሆን ሞላው ታምቆ ነው የሚቀመጠው፤ ያለ ማሰሪያ ከተፈታ ፊት ላይ ይፈናጠራል።

አሁን ወደ ልጅዎ። ጨርቁን የሚያጠቁረው በአብዛኛው እርሳስ ነው። ስጋትዎ መሠረት አለው፤ ይሁን እንጂ ጨርቁ ጠቆረ ማለት ልጅዎ ተመርዛለች ማለት አይደለም። እርሳስ በዋናነት ወደ ሰውነት የሚገባው በአፍና በትንፋሽ ነው፤ በእጅ፣ በልብስ፣ ወለል ላይ በቀረ ብናኝ አማካይነት። ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ውስጥ ወደ ደማቸው የሚያልፈው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ይደርሳል፤ ለዚያውም ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። በነፍሰ ጡር እናት ደም ውስጥ ያለው ደግሞ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል።

ስለዚህ ጽዳቱ ከቤት ውጭ፣ ጋዜጣ ተነጥፎ ይሁን፤ ጨርቁና ጋዜጣው በላስቲክ ታስረው ይጣሉ። እጅዎን ምግብ ከመንካትዎና ልጅዎን ከማቀፍዎ በፊት በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ፤ የሥራ ልብስዎን ቀይረው ይግቡ፣ ለብቻውም ይታጠብ። እስካሁን ያጸዱበትን ክፍል በመጥረጊያ አይጥረጉት፤ ብናኙ ይነሳል። በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት። ይህንና የኢላማ ሳጥኑን ማጽዳት ለባለቤትዎ አይተዉት። ጥይት በከንፈር ይዞ ማጉረስ የሚወዱ አስተኳሾች አይተናል፤ እርስዎም የሚያደርጉት ከሆነ ይተዉት።

የእርሳስ መመረዝ ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም። ስለዚህ ልጅዎ ደህና ብትመስልም እሷንም ባለቤትዎንም ወደ ጤና ተቋም እንዲወስዱ እንመክራለን። የማይለቅ የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ነጭናጫነት፣ ድካም ወይም የደም ማነስ ካዩ ቀጠሮ አያራዝሙ። ትውከት ከበዛ፣ መደንዘዝ ወይም የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ከታየ፣ ወይም ልጅዎ ጥይት ከዋጠች በዚያው ሰዓት ወደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቁርጡ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ምርመራው በየላቦራቶሪው ስለማይሠራ ናሙናው የት እንደሚላክ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ያልጠየቁንን አንድ ነገር እንጨምር፤ ሥራዎ ሕዝብ መሃል ነውና። የአየር ጠመንጃ ጥይት ዓይን ያጠፋል፤ ቆዳንም በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ዓይን ከተመታ አይሹት፣ አይጠቡት፣ የገባውንም አይጎትቱ፤ ዓይኑን በማይጫን ንጹሕ ኩባያ ከልለው ወደ ሆስፒታል ያድርሱ። ሰውነት ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳም ብትሆን በሐኪም ሳትታይ አትታለፍ፤ ውጪዋ ጠባብ ሆና ጥይቱ ርቆ የሄደበት ጊዜ አለና።

ወደ እርሳሱ ስንመለስ፣ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ሳይጠየቁ ሥራዎን ይናገሩ። ሆድ ቁርጠት ላለባት ሕፃን ቅድሚያ የሚታሰበው የሆድ ትል እንጂ የአየር ጠመንጃ አይደለም። ለልጅዎ ኩል የምትኳሉላት ከሆነ፣ ቤታችሁም የተላላጠ አሮጌ የዘይት ቀለም ካለው ይህንንም ይጥቀሱ፤ አንዳንዱ ኩልና የቆየ ቀለም እርሳስ ስላለበት ሐኪሙ ምንጩን ከአንድ በላይ ቦታ እንዲፈልግ ይረዳዋል።