አሮጌው መኪና መቼ ይሰናበት? የመኪና ቅያሪ ማበረታቻ በፊዚክስ ሚዛን

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ መንገደኛ ሐሙሲትን አልፎ ወረታ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፍና፣ የፎገራን ሜዳ ተሰናብቶ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። በዚህ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚያቃስት አሮጌ ሚኒባስ ያላጋጠመው መንገደኛ ያለ አይመስለኝም። «መንግሥት አሮጌውን መልሶ አዲስ ለሚገዛ ባለንብረት ድጎማ ቢሰጥ አይሻልም?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቼ በየጊዜው ይቀርብልኛል። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በቀላል ስሌት ለመመለስ እንሞክራለን።

ዳገቱ የሚጠይቀው ጉልበት

የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከነተሳፋሪዎቹ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሚኒባስ ይህን የ900 ሜትር ልዩነት ለመውጣት ብቻ 22 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ጁል ያህል ቢይዝም፣ ሞተሩ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ነው እንበል። ስለዚህ የመሬት ስበትን ለማሸነፍ ብቻ ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ይቃጠላል ማለት ነው።

ጭሱስ ከየት ይመጣል? በደብረ ታቦር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ለወፍራም አየር የተስተካከለ አሮጌ ካርቡራተር ግን በሳሳው አየር ውስጥም ነዳጁን እንደ ልማዱ ይለቃል። ኦክስጅን ያነሰው ነዳጅ በሚገባ ስለማይቃጠል ጥላሸትና መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣሉ። ዘመናዊ ሞተር ግን በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እየለካ የነዳጁን መጠን ራሱ ያስተካክላል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ፣ ጀርመን ቢያንስ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን መኪና አስወግዶ አዲስ ለሚገዛ ሰው 2,500 ዩሮ ሰጠች፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል መኪናዎችም ተተኩ። በዚያው ዓመት አሜሪካ 3 ቢሊዮን ዶላር መድባ፣ ለአንድ መኪና እስከ 4,500 ዶላር በመክፈል ከ677 ሺህ በላይ መኪናዎችን አስለወጠች።

የአሜሪካው ሕግ አንድ ጥብቅ ግዴታ ነበረው፤ የተመለሰው መኪና ሞተር ዳግመኛ እንዳይሠራ መደረግ ነበረበት። የሞተሩ ዘይት ተቀድቶ በምትኩ የሶዲየም ሲሊኬት ውሁድ ይጨመራል፤ ሞተሩ ሲነሳ በሙቀቱ ውኃው ይተንና መስታወት መሰል ጠጣር ቀርቶ ሞተሩን ያነክሰዋል። ይህ ባይደረግ ኖሮ አሮጌው መኪና አድራሻውን ይለውጥ ነበር እንጂ ከመንገድ አይወጣም ነበር።

የእኛ አገር መንገድ

በአገራችን ቀደም ሲል የመኪና ኤክሳይዝ ታክስ የሚወሰነው በሞተሩ መጠን ሲሆን፣ 30፣ 60 ወይም 100 በመቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ግን ዕድሜንም መለኪያ አድርጎ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የአዲስ አበባን አሮጌ ላዳ ታክሲዎች ለመተካትም ማኅበራት ከቀረጥ ነፃ አዳዲስ መኪናዎች እንዲያስገቡ ተፈቅዶ ነበር።

ይሁን እንጂ አዋጁና ክልከላው የሚቆጣጠሩት መግቢያውን በር ነው። አስቀድሞ የገባውን አሮጌ መኪና የሚያስወጣ በር አላበጁም። እንዲያውም አዲስ ገቢው ሲወደድ የአሮጌው ዋጋም አብሮ ስለሚወጣ፣ ባለቤቱ እየጠገነ ያቆየዋል፤ ወይም ከትልቁ ከተማ ወደ ትንሹ ይሸጠዋል። የአዲስ አበባ ጭስ ሲቀንስ የሐሙሲት ጭስ ሊጨምር ይችላል ማለት ነው።

የትኛው ይቅደም?

አዲስ መኪና ሲሠራም ብረቱን ለማቅለጥ ነዳጅ ይቃጠላል። ለአንድ ሚኒባስ ሥሪት 8,000 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጣ ብለን እናስብ። በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር የሚጠጣው አሮጌ በ10 ሊትር በሚሄድ አዲስ ቢተካ፣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚወጣ፣ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 9.2 ኪሎ ግራም ይድናል። ስለዚህ አዲሱ «ዕዳውን» የሚከፍለው 87,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ነው።

ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር በቀን አንድ ጊዜ ደርሶ የሚመለስ ሚኒባስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ዕዳውን በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይጨርሳል። ይኸው መኪና በዓመት 8,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢነዳ ግን 11 ዓመት ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ ለማበረታቻ ዋናው መለኪያ የመኪናው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን በዓመት የሚሸፍነው ርቀት ሊሆን ይገባል።

ተተኪው የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ከሆነ ለደጋ አገር ሌላ ትርፍ አለው። አሮጌው መኪና ከደብረ ታቦር ሲወርድ ያን 22 ሚሊዮን ጁል በፍሬንና በሞተር እየያዘ ወደ ሙቀት ለውጦ ይበትነዋል። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን ቁልቁለት ላይ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ የተወሰነውን ለባትሪው ይመልሳል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ኃይሉን የሚያመነጨው ከዚህ አካባቢ ጅረቶች ጭምር ከሚፈሰው የዓባይ ውኃ ነው፤ ወደ ታች የሚወርድ ክብደት ጉልበት እንደሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

በጥቅሉ የቅያሪ ማበረታቻ ጠቃሚ የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ብዙ የሚጓዘው መኪና ሲቀድም፣ አሮጌው በእርግጥ ከመንገድ ሲወጣ፣ እና ተተኪውን መሙያና መጠገኛ ከመስመሩ ላይ ሲገኝ። አለበለዚያ በደብረ ታቦር ዳገት የሚያቃስተው ሚኒባስ ባለቤቱን እንጂ መንገዱን አይለውጥም።